አሮጌው የጨዋታ መሣሪያ እንደ ሬዲዮ

ፕሌይስቴሽን ፖርተብል፣ ባጭሩ ፒኤስፒ፣ በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን ለገበያ ያወጣው ሲሆን በ2014 ማቅረቡን አቁሟል። ሆኖም ዋይፋይ ያለው ፒኤስፒ ዛሬም የኢንተርኔት ሙዚቃ ሊያሰማ ይችላል። እንዴት የሚለውን ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

በቅድሚያ ሙዚቃው የሚመጣበትን መንገድ እንይ። ጅቡቲ ከተማ የባሕር ሥር ኬብሎች የሚያርፉባት ወደብ ናት። ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አገልግሎት የጀመረውና ከሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካ የተዘረጋው ኢሲ የተባለው ኬብል እዚህ ያርፋል። ዜማው ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ በጥቃቅን እሽጎች ተከፋፍሎ፣ በብርሃን አማካይነት በእንዲህ ያሉ ኬብሎች ይጓዛል። ከዚያም የቤቱ ዋይፋይ በሬዲዮ ሞገድ ያደርሰዋል።

እሽጎቹ የሚደርሱት አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያሉ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የጥቂት ሰኮንድ ሙዚቃ አስቀድሞ ያጠራቅማል። ይኸውም ከጣሪያ ላይ እንደሚቀመጥ የውሃ ታንከር ነው፤ ውሃው እየተቋረጠ ቢመጣም ቧንቧው ሳያቋርጥ ይወርዳል።

ስሌቱም ቀላል ነው። በሰኮንድ 128 ኪሎቢት ለ8 ሲካፈል 16 ኪሎባይት ይሆናል። የ10 ሰኮንድ ክምችት 160 ኪሎባይት ነው፤ የመጀመሪያው ፒኤስፒ የማስታወሻ ክፍል ግን 32 ሜጋባይት ይይዛል። በሰዓት የሚፈጀው 57.6 ሜጋባይት ስለሆነ ኢንተርኔት በመጠን የሚገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ከአምራቹ ውጭ በግል ባለሙያዎች የሚሠራ ፕሮግራም ሆምብሩ ይባላል። ፒኤስፒ ሬዲዮ የተባለው ሆምብሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፤ ሶኒ ራሱ የኢንተርኔት ሬዲዮ የጨመረው በ2007 መጨረሻ ነበር።

ታዲያ የዛሬው እንቅፋት ምንድን ነው? የመሣሪያው አቅም ማነስ ሳይሆን የቁልፉ መለወጥ ነው። ፒኤስፒ ደብልዩፒኤ2 የተባለውን የዋይፋይ ቁልፍ አያውቅም፤ ብዙ ጣቢያዎችም ሥርጭታቸውን በአዲስ ምስጢራዊ ኮድ ይልካሉ። መፍትሔው ኮምፒዩተር በመካከል ማስገባት ነው፦ ኮዱን ፈትቶ ሙዚቃውን በኤምፒ3 ለፒኤስፒው ያቀብላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ለሙዚቃ ሲባል የቤቱን ዋይፋይ ቁልፍ ማላላት በሩን ለማንም መክፈት ስለሆነ ለፒኤስፒው የተለየ መስመር ይዘጋጅ፤ ሲያበቁም ይዘጋ። ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ዋና ፕሮግራም ሲለወጥ ኃይል ከተቋረጠ መሣሪያው ሊበላሽ ስለሚችል ባትሪው አስቀድሞ ይሞላ።

ለተማሪዎች ጥያቄ፦ ሥርጭቱ በሰኮንድ 64 ኪሎቢት ቢሆን የ3 ሰዓት ሙዚቃ ስንት ሜጋባይት ይፈጃል?