የላፕቶፕ ዋጋ የት ይወሰናል?

በላፕቶፕ ክዳን ላይ የሚነበበው ስም አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን የገጣጠመው ድርጅት ስም አይደለም። ዴል፣ ኤችፒና ኤሰር ብዙዎቹን ላፕቶፖቻቸውን የሚያሠሩት እንደ ኳንታና ኮምፓል ባሉ የታይዋን ኩባንያዎች ነው። ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል ወይም ከኤኤምዲ፣ ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት፣ ራሙ ደግሞ በአብዛኛው ከሳምሰንግ፣ ከኤስኬ ሃይኒክስ ወይም ከማይክሮን ይገዛል። ስለዚህ ባለ ስሙ ኩባንያ ከወጪው ብዙውን ራሱ አይወስነውም። አቅራቢዎቹ ዋጋ ሲጨምሩ ወይ ከትርፉ ይችለዋል፣ ወይ ገዢው ላይ ይጥለዋል።

ይህን አሠራር ያስፋፋው አይቢኤም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ከ1,565 ዶላር ጀምሮ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ሥርዓተ ክወናውን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ማይክሮሶፍት ግን ለሌሎችም የመሸጥ መብቱን አስቀርቶ ነበር። ኮምፓክና ተከታዮቹ ተመሳሳይ ማሽን ሠርተው ሲወዳደሩ ዋጋው ወረደ። ለተጠቃሚው ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ለአምራቾቹ ግን ትርፉ እየሳሳ ሄደ። አይቢኤም በ2005 የኮምፒውተር ክፍሉን ለሌኖቮ ሸጠ። ሶኒ በ2014 ቫዮ የተባለውን የኮምፒውተር ክፍሉን ለቀቀ። በ1985 ላፕቶፕን ለብዙኃን ገበያ በማቅረብ ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ የሆነው ቶሺባም በ2018 ከላፕቶፕ ሥራው 80 በመቶ የሚሆነውን ለሻርፕ ያስረከበው በ36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ስም የሚያሳዝን ዋጋ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ዋጋው የማይጨበጠው ራም ነው። የሜሞሪ ቺፕ ፋብሪካ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላርና ዓመታት የሚፈጅ ግንባታ ይጠይቃል። ፍላጎት ሲቀዘቅዝ ቺፑ ከማምረቻ ወጪው በታች እስከ መሸጥ ይደርሳል፤ አምራቾቹም ምርት ይቀንሳሉ። ፍላጎቱ ሲመለስ አዲስ ፋብሪካ በአንድ ጀንበር አይቆምም፣ ዋጋውም ይተኮሳል። በኮሮና ዘመን ሥራና ትምህርት ወደ ቤት ሲገባ ኮምፒውተር እንደ ጉድ ተሸጠ። በ2022 እና በ2023 ግን ሁሉም ገዝቶ ስለ ነበር ገበያው ወደቀ፣ የሜሞሪ አምራቾችም ከሰሩ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጫና ከኮምፒውተር ገበያው ውጭ የመነጨ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሚፈልጉት በድርብርብ የሚሠራ ፈጣን ሜሞሪ ለተመሳሳይ መጠን ከተራው ራም የበለጠ ሲሊከን ይወስዳል፤ የሚያስገኘው ትርፍም የላቀ ነው። አምራቾቹ ፊታቸውን ወደዚያ ሲያዞሩ ለላፕቶፕ የሚተርፈው አነሰ። በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በከፍተኛ ፍጥነት ናረ፤ ማይክሮንም በታኅሣሥ ወር ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ሜሞሪ እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በማቋረጡ፣ ማሽናቸው ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ሰዎች አዲስ ለመግዛት የተገደዱት ዕቃው በተወደደበት ሰዓት ነው።

ጭማሪው ሁልጊዜ በዋጋ መለጠፊያው ላይ አይታይም። አምራቹ ዋጋውን ሳይነካ 16 ጊጋባይት የነበረውን ራም ወደ 8 ሊያወርድ ይችላል። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ደግሞ ገዢው በኋላ ሊጨምርበት አይችልም።

በኢትዮጵያ ጫናው ድርብ ነው። ላፕቶፕ በዶላር የሚገባ ዕቃ በመሆኑ፣ የብር ምንዛሪ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዓለም አቀፉ ዋጋ ባይለወጥም በብር የሚከፈለው ጨምሯል። ማሽን መቀየር እንዲህ ስለሚወደድ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛው ተማሪ ከማሽኑ መልክ ይልቅ ራሙ የሚነቀልና የሚጨመር መሆኑን ማየት ይኖርበታል።