ሐኪም «ጠርጥሬያለሁ» ሲልዎት ምን ማለቱ ነው?



ዛሬ ስለ አንዲት ቃል እናውራ፦ ጥርጣሬ።

እዚህ ሞላሌ አንድ አባትን «የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ጠርጥሬያለሁ» ብላቸው፣ «ዶክተር፣ ምን አጥፍቼ ነው የምጠረጠረው?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። በሰፈር ወሬ የሚጠረጠረው ሌባ ነዋ! በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባም «ተጠርጣሪ» መባል ስንቱን አሸማቋል።

በሕክምና ግን ቃሉ ሦስት መልክ አለው።

1. የሐኪም ጥርጣሬ
ክስ አይደለም። «ገና አላረጋገጥኩም፤ እንመርምር» ማለት ነው። ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ማታ ማታ ካላበዎት፣ ክብደትዎ ከቀነሰ ቲቢን እንጠረጥራለን። «የመንዝ ብርድ ነው» ብለው አይተዉት። ቲቢ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ አብረውዎት የሚያድሩትም ልጆች ሊያዙ ይችላሉ። የአክታ ምርመራ ያድርጉ።

2. የታካሚ ጥርጣሬ
«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? መጠየቅ መብትዎ ነው። ሕመሜ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ምን ይሠራል? እስከ መቼ ልውሰድ? ጉዳትስ አለው?

አደገኛው ጥርጣሬ ያልተነገረው ነው። እሺ ብሎ ተቀብሎ ቤት ሲደርሱ መተው! ለምሳሌ አንዱ የቲቢ መድኃኒት ሽንትን ወደ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይለውጣል። ብዙ ሰው ደም ይመስለውና «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ያቆማል። ቀለሙ የመድኃኒቱ ነው፤ አይጎዳም። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ካስመለሰዎት ግን ፈጥነው ይምጡ።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል። ሳሉ ስለጠፋ ብቻ ካቆሙ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል፤ ያኔ ማዳኑ ይከብዳል። ጸበል የሚጠመቁም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጠመቅ ይችላሉ።

3. ሕመም የሆነ ጥርጣሬ
ሰው ያለ ምንም ምክንያት «ሊመርዙኝ ነው፣ ይከታተሉኛል» እያለ ምግብና እንቅልፍ ካጣ፣ ክፉ ጠባይ ሳይሆን የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። አይከራከሩት፤ አይሰሩት። ሕክምና አለው፤ ይዘውት ይምጡ።

በተረፈ ልብዎ ያላመነበትን ነገር ለጎረቤት ከመንገርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩት። እኛም በደንብ ማስረዳት ግዴታችን ነው።