በትካዜ ሰዓት ስለምንለብሰው የሃይማኖት ምልክት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ከአድማጮቻችን አንድ ወጣት በላከልን ደብዳቤ ጥያቄ አቅርቦልናል። ትምህርቱን ፈጽሞ ለሥራ ደጅ መጥናት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ተስፋ በቈረጠበት ቀን መስቀል የታተመበትን ካናቴራ ለብሶ ሲወጣ ልቡ ጥቂት እንደሚበረታ ይነግረናል፤ ባልንጀራው ግን «ጨርቅ ሰውን አያጽናናም፤ ይህ ለታይታ ነው» ብሎ ነቅፎታል። እንግዲህ ከሁለታችን እውነቱን የያዘው ማን ነው ይላል። ጥያቄው በመልኩ ታናሽ ቢመስልም የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ በአንገታችን ክር አስረን፥ በትከሻችን ነጠላ ጥለን የምንኖር እኛ ሁላችን፥ የለበስነው ነገር በጭንቅ ቀን ምን እንደሚረዳን ለይተን ማወቅ ይገባናልና።

እግዚአብሔር ሰውን ከነፍስና ከሥጋ አዋሕዶ ፈጠረው። ስለዚህም ነፍስ የምታውቀውን ነገር ዓይን ካላየው እጅም ካልዳሰሰው ቶሎ ይርቃታል። በኦሪት ዘኍልቍ በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ የእስራኤል ልጆች በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ፥ በዘርፉም ላይ ሰማያዊ ፈትል እንዲያኖሩ እግዚአብሔር ሙሴን አዘዘው፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ ፈትሉን አይተው ትእዛዙን ሁሉ እንዲያስቡ መሆኑን ነገረው። ሕጉ በድንጋይ ጽላት ተጽፎ በታቦቱ ውስጥ ነበረ፤ ካህናትም ነበሩ። ታዲያ ፈትል ለምን አስፈለገ? እረኛውና መንገደኛው ዕለት ዕለት ወደ ድንኳኑ አይደርሱምና ነው። ልብስ ግን ከሰው ጋር ይውላል፤ ከሰው ጋር ያመሻል።

የተከዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ሃይማኖቱን አይክድም፤ ይረሳታል እንጂ። ዛሬ የተዘጋበትን አንዱን ደጅ እያየ ትናንት የተከፈቱለትን ብዙ ደጆች ይዘነጋል። መጽሐፍ ገልጦ ለማንበብ ጕልበት ያጣል፤ የሰው ምክር ይሰለቸዋል፤ ጸሎቱም በአፉ ላይ ይደርቃል። እንዲህ ላለው ሰው ረጅም ስብከት አይመቸውም፤ ስብከት የምንሰጥ እኛ ይህን ብንናገር አትደነቁ። እንዲህ ላለው ሰው የሚሻለው ሳይፈልገው በእጁ የሚገባ፥ ሳይጠራው በዓይኑ ፊት የሚቆም አንድ ምልክት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ከዚህ ዓይነቱ ምልክት ቀዳሚው ማዕተብ ነው። ቃሉ «ዐተበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን በመስቀል ምልክት ባረከ፥ አተመ ማለት ነው፤ እጃችንን አንሥተን ማማተባችንም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ወንዱ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ በአንገታቸው ይታሰራል። በዚያች ሰዓት ሕፃኑ አፍ የለውም፤ ሰይጣንን የሚክድለት፥ ሃይማኖቱንም የሚመሰክርለት የክርስትና አባቱ ነው። ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ክሩ የታሰረው ሕፃኑ ገና አንድ በጎ ሥራ ሳይሠራ፥ ፊደል ሳይቈጥር፥ ሹመትም ሽልማትም ሳያውቅ ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስሙን ፈልጎ ያጣ ወጣት እጁን ወደ አንገቱ ቢሰድድ፥ ማንም ሳያወዳድረው በክርስትና ስሙ የተጠራበትን ቀን ይዳስሳል። መናገር በማይችልበት ዕድሜ ሌላው ቃል እንደ ገባለት ሁሉ፥ ኀዘን አፉን በዘጋበት ቀንም ክሩ ስለ እርሱ ይናገርለታል።

ሕዝባችንም ይህን በቋንቋው አኑሮታል። የታመነውን ሰው «ባለ ማተብ» ይለዋል፤ ቃሉን የሚያጥፈውን ደግሞ «ማተብ የለሽ» ብሎ ያፍርበታል። አበዳሪና ተበዳሪ ያለ ወረቀት «በማተቤ» ተባብለው ይለያዩ የነበረበትን ዘመን አረጋውያን ያስታውሱታል። ዋጋው እጅግ ጥቂት የሆነ ፈትል ይህን ያህል ክብር ያገኘው በውስጡ ስላለው ቃል ኪዳን ነው።

ልብስ በትካዜ ሰዓት ለሰው መጽናኛ ሆኖ እንደ ተሰጠ ከሁሉ ይልቅ በግልጥ የሚያስረዳን የአባ እንጦንስ ታሪክ ነው። የመነኰሳት ሁሉ አባት የተባለው ይህ ግብጻዊ ቅዱስ የሀብታም ልጅ ነበረ፤ ሀብቱን ለድኾች ሰጥቶ ወደ በረሓ ወጣ። እዚያም ብዙ ጊዜ ብቻውን ከኖረ በኋላ ሀኬት መጣበት። ሀኬት ስንል የሥራ ፈትን ስንፍና ብቻ አይደለም፤ አባቶች በዚህ ስም የሚጠሩት የልብን መዛል፥ የቀኑን መርዘም፥ ይህ ሁሉ ድካሜ ለምኔ ነው የሚያሰኘውን አሳብ ነው። ጥር 22 ቀን በዓሉ ሲከበር በስንክሳር እንደሚነበበው፥ እንጦንስ በዚህ አሳብ ተይዞ ሳለ የእግዚአብሔር መልአክ በሰው አምሳል ታየው። ቀሚስ ለብሷል፤ ወገቡን ታጥቋል፤ በራሱም ላይ እንደ ራስ ቍር ያለ ቆብ ደፍቷል። ተቀምጦ የሰሌን ቅጠል ይጐነጕናል፤ ጥቂት ቈይቶ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶም ተቀምጦ ይጐነጕናል። ለእንጦንስም እንዲሁ ቢያደርግ ዕረፍት እንደሚያገኝ ነገረው። እንጦንስም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያንኑ ልብስ ለበሰ፤ እጁን ለሥራ፥ አንደበቱን ለጸሎት አደረገ፤ ሀኬትም ከእርሱ ራቀ።

ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ በየገዳማቱ የምናየው ቀሚስና ቅናት፥ ቆብም፥ በድል ቀን የተሰጠ ሽልማት አልነበረም። አንድ የደከመው ሰው ልቡ በዛለበት ሰዓት ያየው ልብስ ነው። በየመንገዱ አንድ መነኵሴ ሲያልፍ ባየን ጊዜ ይህን ብናስብ ያምርብናል። ደግሞም ልብ በሉ፤ መልአኩ ልብሱን አሳይቶ ብቻ አልሄደም፤ ልብሱን ለብሶ ሠራ፥ ጸለየም። እንጦንስ ቆቡን ደፍቶ ከዋሻው ጥግ ተኝቶ ቢቀር ኖሮ ቆቡ ባላዳነው ነበር።

ንጉሥ ዳዊት ገና ሳይነግሥ በጺቅላግ የደረሰበትም ይህንኑ ይመስላል። በቀዳማዊ ሳሙኤል በ30ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ ከ600 ሰዎቹ ጋር ሲመለስ ከተማይቱን ተቃጥላ፥ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውንም አማሌቃውያን ማርከው ወስደዋቸው አገኘ። ሰዎቹ የሚያለቅሱበት ኃይል እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ፤ ከዚያም ኀዘናቸው ወደ ቍጣ ተለወጠና የገዛ አለቃቸውን በድንጋይ ሊወግሩት ተማከሩ። ዳዊት ግን በአምላኩ በረታ፤ ካህኑንም አብያታርን ኤፉድ እንዲያቀርብለት አዘዘው። ኤፉድ የካህን ልብስ ነው፤ በሊቀ ካህናቱ ኤፉድ ትከሻዎች ላይ የ12ቱ ነገድ ስሞች በሁለት የከበሩ ድንጋዮች ተቀርጸው ነበር። ልብሱ በቀረበለት ጊዜ ዳዊት እግዚአብሔርን ልከተላቸውን ብሎ ጠየቀ፤ ተከተል የሚል መልስም አገኘ። ከ600ው 200 ሰዎች ደክመው በቦሦር ወንዝ ቀሩ፤ እርሱ በ400ው ተከትሎ የተማረከውን ሁሉ መለሰ። ኤፉዱ ከሚያለቅሱበት ስፍራ አስነሥቶ ወደ መንገድ አወጣቸው።

የሚለበስ ምልክት ለኀፍረት ተብሎ ተጭኖ ለክብር የሆነበትም ጊዜ አለ። በግብጽ ከ996 እስከ 1021 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የገዛው ከሊፋ አል ሐኪም፥ ክርስቲያኖች ከባድ የእንጨት መስቀል በአንገታቸው እንዲያንጠለጥሉ አዘዘ፤ ክብደቱ አንገታቸውን እንዲያቈስለው፥ የሚያያቸውም ሁሉ እንዲዘብትባቸው ነበር። የዚያ ዘመን ጭንቅ ሲያልፍ ግብጻውያን ወንድሞቻችን መስቀሉን አልጣሉትም፤ እስከ ዛሬም ብዙዎቹ ትንሽ መስቀል በእጃቸው አንጓ ላይ ይነቀሳሉ። የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የባሕር ዳርቻ ሲገደሉ የታዩት 20 ግብጻውያንና 1 የጋና ሰው ብርቱካን ቀለም ያለው የእስረኛ ልብስ ለብሰው ነበር፤ ያን ልብስ ያለበሷቸው ገዳዮቻቸው ናቸው። ዛሬ የግብጽ ሠዓልያን እነዚያን ሰማዕታት ሲሥሉ ያንኑ ቀለም አልብሰው፥ በራሳቸው ላይ አክሊል ያደርጉላቸዋል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ወደ 30 የሚጠጉ የአገራችን ልጆች በዚያችው ምድር ስለ ክርስትናቸው መገደላቸው ተሰምቶ አገር በሙሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ አልቅሷል።

ነጠላን ካነሣን አይቀር፥ የእኛ ሰው ኀዘኑንም ጸሎቱንም በአንድ ጨርቅ መናገር ያውቅበታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነጠላውን በትከሻው ላይ በመስቀል ምልክት ያጣፋዋል፤ ለቅሶ ሲደርስ ይዘቀዝቀዋል። ልብሱ ያው ነው፤ ለዘመን መለወጫ የተለበሰው ነጠላ ለቀብርም ይወጣል። ዘመኑ ቢገለባበጥም የሚለብሰው ሰው ከዚያው ቤት እንዳልወጣ ይህ ራሱ ይመሰክራል። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ከቀኖና ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተደርጎ ቤተ ክርስቲያናችን በታወከች ጊዜ፥ ምእመናን በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ቅዱስ ሲኖዶስ አዘዘ። ነጋዴው፥ ተማሪው፥ የመንግሥት ሠራተኛው ጥቁር ለብሰው ወጡ። የነነዌ ንጉሥ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ ማቅ ለብሶ በአመድ ላይ እንደ ተቀመጠ የሚነገርበት ጾም ነውና፥ ልብሱና ጾሙ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። ብቻውን ይተክዝ የነበረ ሰው በመንገድ ላይ እንደ እርሱ የለበሰ ሌላ ሰው ባየ ጊዜ ያገኘው ብርታት ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ወጣቱና ወደ ባልንጀራው ክርክር እንመለስ። ባልንጀራው ያለ ምክንያት አልተናገረም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ ፈሪሳውያንን የልብሳቸውን ዘርፍ ስላስረዘሙ ገሥጿቸዋል፤ እግዚአብሔር ለማሰቢያ የሰጠውን ፈትል ለሰው ዓይን መሳቢያ አድርገውት ነበርና። በደረቱ ላይ ትልቅ መስቀል አንጠልጥሎ ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ከነዚያ አይለይም። እንዲሁም መስቀሉን እንደ አስማት ክታብ ቈጥሮ፥ ይህን ከለበስሁ ፈተናውን አልፋለሁ፥ ሥራውም ይሰጠኛል የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ያ ነገር ባልሆነለት ቀን መስቀሉን አውልቆ ሊጥለው ነውና። መልአኩ ለእንጦንስ በረሓውን ወደ ከተማ አልለወጠለትም፤ በረሓው እዚያው ነበረ፤ የተለወጠው እንጦንስ ነው።

ስለ ካናቴራው አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። በዛሬ ጊዜ፥ ይልቁንም በጥምቀትና በመስቀል በዓል፥ የእመቤታችንና የቅዱሳን ሥዕል የታተመባቸው ካናቴራዎች በየአደባባዩ ይሸጣሉ። የወጣቶቹን ፍቅር አንነቅፍም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን በመጋረጃ የምንጋርደው፥ ዕጣን የምናጥንለት ቅዱስ ሥዕል፥ ላብ በሚጠጣ፥ ሲያረጅም የወለል መወልወያ በሚሆን ጨርቅ ላይ ባይታተም እንመርጣለን። መስቀሉ ይበቃል፤ እርሱም ቢሆን በንጽሕና ይያዝ፤ መጠጥ ቤትና ጠብ ወዳለበት ስፍራም ለብሰነው አንግባ።

ለወጣቱ የምንመልስለት ይህ ነው፤ ልጃችን ሆይ፥ ልብህ በዛለበት ቀን መስቀሉን መልበስህ መልካም ነው፤ እንጦንስም እንዲሁ አድርጓል። ነገር ግን ለብሰኸው ስትወጣ መልአኩ የሠራውን ሁለት ነገር ጨምርበት። ከቤትህ ሳትወጣ አጭርም ቢሆን ጸልይ፤ ወደ ጠዋቱ ኪዳን ብትደርስ ደግሞ እጅግ መልካም ነው። ከዚያም የፈለግኸው ሥራ እስኪገኝ ድረስ እጅህን ባዶ አታውለው፤ የጎረቤትን ልጅ ማስጠናትም፥ አባትን በሱቁ ማገዝም፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መጻሕፍት መጠረዝም ሰሌን መጐንጐን ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር ምልክቱን በግልጥ ለመልበስ የማይቻላቸውን አልረሳንም። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን አሉ፤ ብዙዎቹ ማዕተባቸውን ከልብሳቸው ሥር ሸሽገው ይውላሉ፤ አውልቂ ተብለው ያወለቁም አሉ። ለእነርሱ ከማዕተቡ ጋር አንድ ስም ያለው ማማተብ አለላቸው። አመልካች ጣትን በአውራ ጣት ላይ አመሳቅሎ በመጀመሪያ ከግንባር ወደ ደረት ይወርዳል፤ ይህም ወልደ እግዚአብሔር ከሰማይ ወደ ምድር መውረዱ ነው። ከዚያም ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ ይህም አዳምን ከነልጆቹ ከሲኦል ወደ ገነት ማግባቱ ነው። ይህን ለማድረግ ክርም ጨርቅም አያሻም፤ በወጥ ቤት ጥግ፥ መብራት በጠፋበት ክፍል፥ በብርድ ልብስ ሥርም ይቻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።