ሁለቱ «ሰ»ዎች ምን ይነግሩናል?

«ምስራቅ» ብሎ የጻፈ ተማሪ በዛሬው አማርኛ አንባቢውን አያሳስትም፤ ድምፁ ያው ነውና። ነገር ግን ቃሉን ወደ ግእዝ መልሰን ብንመረምረው፥ የፀሐይ መውጫው የስርቆት ስፍራ ሊሆን ምንም አይቀረው። በግእዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ወጣ፥ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የጸሐፊዎች ጌጥ ብቻ እንዳይደለ ዘመድ ቋንቋዎች ይመሰክራሉ። ዓረቦች ለፀሐይ መውጣት «ሸረቀ»፥ ለሌባ ሥራ «ሰረቀ» ይላሉ። የግእዙ ሠ በዓረብኛ ሸ ሆኖ ይገኛል፤ ዐሥርም «ዐሽር» ይባላል። ሰ ግን በ«ሰላም» እንደምናየው ሰ እንደ ሆነ ይቀራል። ወደ ዕብራይስጥ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰላም «ሻሎም»፥ ስም «ሼም» ሲሆን፥ ዐሥር «ዔሤር» ይባላል። በአንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ባልን ነበር፤ በብዙ ቃላት ሲደጋገም ግን ሕግ ነው።

በዚህ ሕግ የተሰወረ ትርጉም ይገለጣል። «ስእለት» የመጣው ለመነ ከሚለው ከግእዙ «ሰአለ» ነው፤ ዓረብኛው «ሰአለ»፥ ዕብራይስጡ «ሻአል» ይለዋል። የንጉሥ ሳኦልም ስም ከዚሁ ወጥቶ «የተለመነ» ማለት ነው። «ሥዕል» ግን ከ«ሠዐለ» የተገኘ ሌላ ቃል ነው፤ ስእለት የተሳለና ሥዕል የሣለ በአማርኛ አፍ ብቻ አንድ መሰሉ።

መመሳሰል ሁሉ ግን ዝምድና አይደለም። «ሌሔም» በዕብራይስጥ እንጀራ፥ «ለሕም» በዓረብኛ ሥጋ ነው። የኛንም ላም ከእነዚህ ጋር ለማዛመድ ይቃጣን ይሆናል፤ ነገር ግን የግእዙ «ላህም» በሃሌታው ሀ፥ የእነርሱ በሐመሩ ሐ ነውና ሕጉ በቀላሉ አይፈቅድልንም።

«በአነጋገር የማይለዩ ፊደላት ለሕፃናት ሸክም ናቸውና ይቀነሱ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። እኛ ግን ሸክሙን ስናራግፍ የቃላቱን የትውልድ መዝገብ አብረን እንዳንጥል እንሠጋለን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግእዝን ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ እያስተያዩ የደከሙበት መዝገበ ቃላት፥ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ጥረት ታትሟል። እንግዲህ ተማሪውም፥ ደብዳቤ አርቃቂው ሹምም፥ ፊደሉን ከመጣሉ በፊት ይህን መጽሐፍ ገልጦ ይመልከት።