የተራራ ብስክሌት መናፈሻ በሰፈር ሲታሰብ፦ የነዋሪው ድጋፍ እንዴት ይገኛል?

በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ በቢከን ሂል ኮረብታና በሬኒየር ሸለቆ መካከል፣ ቺስቲ የሚባል በዛፍ የተሸፈነ ተዳፋት አለ። በሸለቆው ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከምሥራቅ አፍሪካና ከእስያ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የከተማዋ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከልም የሚገኘው እዚያው በሬኒየር ጎዳና ላይ ነው። ጫካው ለዓመታት በሐረግና በመጤ አረም ተውጦ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ስፍራ ሆኖ ቆይቶ ነበር። የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች አረሙን እየነቀሉ አገር በቀል ዛፍ መትከል ጀመሩ። በጫካው ውስጥ የእግረኛና የተራራ ብስክሌት መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ግን ነዋሪው በሁለት ጎራ ተከፈለ።

ደጋፊዎቹ፣ ወላጆቻቸው በመኪና ወደ ሩቅ ተራራ ሊወስዷቸው የማይችሉ ልጆች በሰፈራቸው መጫወቻ ያገኛሉ አሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው፣ ከተማው ለአእዋፍና ለጸጥታ የተወው አረንጓዴ ስፍራ ጥቂት መሆኑን፣ ተዳፋቱ ሊናድ እንደሚችል፣ ረግረጉም እንዳይነካ በመግለጽ ተሟገቱ። ክርክሩ፣ ጥናቱና የከተማው ፈቃድ ዓመታት ፈጁ። ሁለቱም ወገኖች ጫካውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ የተለያዩት ጫካው ለማን፣ እንዴት ያገልግል በሚለው ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ሙግት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ በብዙ ከተሞች የሚታይ ነው። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ አንባብያንም አንድ ቀን በደጃቸው ሊገጥማቸው ይችላል።

የተራራ ብስክሌት መናፈሻ ምንድን ነው?

የተራራ ብስክሌት ስፖርት የተስፋፋው እ.አ.አ. በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው የታማልፓይስ ተራራ ቁልቁለቶች ላይ ከሚጋልቡ ወጣቶች ተነሥቶ ነው። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ የውድድር ዓይነት ሆነ። ስፖርቱ እያደገ ሲሄድ ግን በእግረኞችና በፈረስ ጋላቢዎች ዘንድ ቅሬታ በመነሣቱ፣ በካሊፎርኒያ በርካታ የጫካ መንገዶች ለብስክሌት ተዘጉ። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር በ1988 የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

መናፈሻ የሚባለው፣ ለዚሁ ስፖርት ተብለው የተሠሩ መንገዶች ያሉት የተከለለ ስፍራ ነው። መንገዶቹ እንደ ክብደታቸው በቀለም ይለያሉ፤ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ጥቁር ደግሞ ለሠለጠነ ጋላቢ ነው። በብዙዎቹ ላይ ጉዞው ባለ አንድ አቅጣጫ በመሆኑ ፊት ለፊት መጋጨት አይኖርም።

ጎረቤቶች የሚጠይቋቸው ሦስት ጥያቄዎች

አንደኛው የአፈር ጉዳይ ነው። ተዳፋትን የሚሸረሽረው በዋናነት በመንገዱ ላይ የሚወርደው ውኃ ነው። ስለዚህ መንገድ ቀያሾች የሚከተሏቸው ደንቦች አሉ፤ የመንገዱ አማካይ ቁልቁለት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከኮረብታው ጎን ቁልቁለት ግማሽም እንዳያልፍ፣ ወለሉም ወደ ውጭ ዘንበል እንዲል ይደረጋል። ይህ ሲሆን ዝናቡ መንገዱን ተከትሎ እንደ ቦይ ከመውረድ ይልቅ አቋርጦት ያልፋል። በ1994 የታተመ በሞንታና የተካሄደ ጥናት፣ ከእግረኛም ከብስክሌትም ይልቅ አፈር የሚያላላው የፈረስ ኮቴ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ብስክሌት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በጭቃ ወቅት መጋለብና ከመንገድ ወጥቶ አቋራጭ መፍጠር ማንኛውንም ተዳፋት ያበላሻል፤ ረግረግ ባለበትም መንገዱ ከነጭራሹ መራቅ አለበት።

ሁለተኛው የደኅንነትና የጸጥታ ጥያቄ ነው። ለዘመናት በጫካ ውስጥ በእግራቸው ሲንሸራሸሩ የኖሩ አዛውንት፣ ከኋላቸው በፍጥነት የሚመጣ ብስክሌት ቢያሳስባቸው አይገርምም። መልሱ የእግረኛውንና የብስክሌቱን መንገድ መለየት፣ መገናኛቸው ላይም ፍጥነት የሚቀንስ ጠመዝማዛ ማበጀት ነው። ይህን በስብሰባ ላይ በቃል ከመናገር ይልቅ በካርታ ላይ ማሳየት የበለጠ ያሳምናል።

ሦስተኛው፣ ከምረቃው በኋላ ማን ይንከባከበዋል የሚለው ነው። ብዙ ውጥን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከሲያትል በስተምሥራቅ ኢሳኳ አቅራቢያ የሚገኘው የደቲ ሂል መናፈሻ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከ48 ሄክታር በላይ በሆነ የኪንግ ካውንቲ ጫካ ውስጥ በ2010 የተከፈተው ይህ ስፍራ፣ በካውንቲው አስተዳደርና በአካባቢው የብስክሌተኞች ማኅበር ትብብር፣ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ጭምር የተሠራ ነው። አካፋና መቆፈሪያ ይዞ በዝናብ የሚሠራ ሰው፣ ነገ መንገዱ ሲበላሽ ተመልሶ እንደሚመጣ ጎረቤቱ ያምነዋል።

ገቢ ሲመጣ ጣጣም ይመጣል

መናፈሻ ለኢኮኖሚ ይጠቅማል የሚለው ክርክርም ብዙ ጊዜ ይነሣል። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ የምትገኘው ደርቢ የምትባል መንደር ቆርቆሮ በማዕድን በማውጣት የኖረች ናት። በ1929 የማዕድን ግድብ ተደርምሶ 14 ሰዎች ሞቱባት፤ ማዕድኑ ሲያበቃም ነዋሪዎቿ ተመናመኑ። በ2015 በዙሪያዋ ባለው ጫካ የብስክሌት መንገዶች ሲከፈቱ፣ ከ200 የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት መንደር ከሩቅ የሚመጡ ጎብኚዎችን ማስተናገድ ጀመረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዓለም አቀፍ ውድድር ተካሄደባት። የተዘጉ ሱቆች ተከፈቱ፤ ይሁን እንጂ የቤት ዋጋ ናረ። በተከራይ ቤተሰብ የተያዘ ሰፈር ውስጥ መናፈሻ የሚያስብ ሁሉ ይህን ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል። የኪራይ ጉዳይ የሚያሳስበው ነዋሪ ልማት ጠል ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የማን ድምፅ ይሰማል?

የድጋፍ ማሰባሰብ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በብስክሌተኞች መካከል ነው፤ እነርሱ ግን ቀድመውም አምነዋል። ወሳኙ፣ ብስክሌት ፈጽሞ የማይነዳው ጎረቤት ነው። ስብሰባው የሚጠራው በሥራ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ ታክሲ የሚነዳው አባትና በሌሊት ፈረቃ የምትሠራው እናት አይገኙም። እነርሱ ሳይጠየቁ «ማኅበረሰቡ ደግፏል» ወይም «ማኅበረሰቡ ተቃውሟል» የሚል ዘገባ ይጻፋል። ስለዚህ ሐሳቡን ያመነጩ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ዕድርና ወደ ትምህርት ቤት ሄደው ቢጠይቁ ይመከራል፤ ከመጠየቃቸውም በፊት ዕቅዱ ገና ሊለወጥ የሚችልበት ጊዜ ላይ መሆናቸውን ማረጋገጥ አለባቸው። ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ቅሬታን ብቻ ያተርፋል።

ነዋሪውም የድርሻውን ማድረግ ይችላል። በአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ሰዎችን በትውልድ አገራቸው ምክንያት እንዳያገልሉ ያስገድዳል፤ የሲያትል ከተማም መረጃዎቹን በአማርኛ ጭምር ያወጣል። ስለ መናፈሻው የተለጠፈ ማስታወቂያ ያየ ሰው አስተያየት የሚቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን መመልከት፣ ከስብሰባው ቀደም ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ መምጣት ካልቻለም አስተያየቱን በጽሑፍ መላክ ይችላል። የሚናገረውም ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ብቻ መሆን የለበትም። «ልጆቼ ብስክሌት የላቸውም፤ የሚዋሱበት ቦታ ይኖራል?»፣ «መንገዱ ከእናቴ መስኮት በስንት ሜትር ይርቃል?» የሚሉ ጥያቄዎች ንድፍ አውጪዎች መልስ ሊሰጡባቸው፣ ካርታቸውንም ሊያርሙባቸው የሚችሉ ናቸው።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል የአገራችን ሰው። በሰፈር ስብሰባ ላይም የሚቀረው ነገር አለ፤ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ የሚወስኑት በዚያ ምሽት ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው።