የማዳበሪያ ዶዚንግ ፓምፕ፡ ከዋጋው በፊት ስሌቱ

የጠብታ መስኖ የሚዘረጋ ባለሀብት ዋና ወጪው ጉድጓዱ፣ የውኃ ፓምፑና ቧንቧው ነው። ፈሳሽ ማዳበሪያን መጥኖ ከመስኖው ውኃ ጋር የሚቀላቅለው ዶዚንግ ፓምፕ ግን ከፕሮፎርማው ግርጌ የሚሰፍር አነስተኛ ዕቃ ነው። በዚህም የተነሳ በዋጋው ርካሽነት ብቻ ተመርጦ ሊገዛ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ዕቃ የሚቆጣጠረው ከራሱ ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በዓመት 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ማዳበሪያ የሚጠቀም እርሻ እንውሰድ። ፓምፑ ከታሰበው በ15 በመቶ አብልጦ ቢጨምር በየዓመቱ 150 ሺሕ ብር ያለ ጥቅም ይፈሳል። አሳንሶ ቢጨምር ደግሞ ኪሳራው በምርቱ መጠንና ጥራት ላይ ይታያል። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ከብዷል። በዚያን ዕለት ብቻ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ከፍ ብሏል፤ ከዚያም በኋላ ጭማሪው ቀጥሏል። ፓምፑም ሆነ መለዋወጫው፣ እንዲሁም በውኃ የሚሟሟው ማዳበሪያ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከፍለው ዋጋ አብሮ አድጓል።

በገበያ ያሉት ዓይነቶች

ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ቬንቹሪ ነው። ውኃው በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ጨምሮ ግፊቱ ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ማዳበሪያው ከበርሜሉ ይሳባል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ከሦስቱም ርካሹ ይኸው ነው። ድክመቱ ግፊት መብላቱ ነው። ብዙዎቹ በትክክል እንዲሠሩ ከመግቢያው ግፊት ከ20 በመቶ በላይ መጥፋት አለበት። 3 ባር ገብቶ 2 ባር ብቻ ከወጣ፣ የጠፋው 1 ባር ውኃን 10 ሜትር ያህል ወደ ላይ ከመግፋት ጋር እኩል ነው። የእርሻው ውኃ በሙሉ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ይህ ጉልበት በየቀኑ በናፍጣ ወይም በመብራት ሒሳብ ይከፈላል። በተጨማሪም የመስመሩ ግፊት ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የሚሳበው መጠን ይለዋወጣል።

ሁለተኛው በውኃው ግፊት ብቻ የሚንቀሳቀስ ተመጣጣኝ ፓምፕ ነው። የፈረንሳዩ ዶሳትሮን የዚህ ዓይነት ነው። ውኃው ፒስተኑን ያንቀሳቅሳል፤ ፒስተኑ ደግሞ በውኃው ልክ ማዳበሪያ ይጨምራል። ውኃው ሲቀንስ ማዳበሪያውም ይቀንሳል፤ ውኃው ሲቆም አብሮ ይቆማል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ወሰን አለው። ለምሳሌ 0.2 እስከ 2 በመቶ የሚመጥነው ዲ25 ሞዴል የሚያስተናግደው ውኃ በሰዓት ከ2.5 ሜትር ኩብ አይበልጥም። ለችግኝ ቤት ይበቃል፤ ሰፊ ማሳ ግን ተለቅ ያለ ሞዴል ይፈልጋል።

ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የዲያፍራም ወይም የፒስተን ፓምፕ ነው። መጠኑ በትክክል ይስተካከላል፤ የጨው ክምችትንና አሲዳማነትን ከሚለኩ መሣሪያዎች ጋርም ይገናኛል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አስተማማኝ መብራትና የሠለጠነ ሠራተኛም ይጠይቃል።

የትኛው ለማን?

ቁም ነገሩ ተክሉ የቆመበት ነገር ነው። አፈር እንደ ባንክ ነው፤ የተቀመጠበትን ንጥረ ነገር ይዞ ቆይቶ ለተክሉ ቀስ በቀስ ይሰጣል። በመሆኑም በአፈር ላይ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም የሚያመርት ሰው በአንድ መስኖ የሚገባው ጠቅላላ መጠን ትክክል ከሆነለት በቬንቹሪ ሊጠቀም ይችላል። እንደ ቀይ አሸዋ ባለ አፈር አልባ መደብ ላይ ጽጌረዳ የሚያሳድግ የአበባ እርሻ ግን ይህ መጠባበቂያ የለውም። እያንዳንዱ ሊትር ውኃ ትክክለኛውን ድርሻ መያዝ ስላለበት ተመጣጣኝ ወይም ኤሌክትሪካዊ ፓምፕ ግድ ይለዋል።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ውኃ የሚያጠጣ ማሳ እንውሰድ። በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ 200 ግራም ናይትሮጅን ተፈለገ እንበል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው ለአንድ ሜትር ኩብ 435 ግራም ዩሪያ፣ በሰዓት ደግሞ 4.35 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። በ1,000 ሊትሩ ታንከር ውስጥ 100 ኪሎ ዩሪያ ከተበጠበጠ አንዱ ሊትር 100 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ፓምፑ በሰዓት መጨመር ያለበት 43.5 ሊትር ነው፤ ይህም ከውኃው 0.43 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ለዚህ እርሻ ከፍተኛ አቅሙ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ሊትር የሆነ ፓምፕ ይስማማዋል። “ትልቁ ይሻላል” ተብሎ 500 ሊትር የሚገፋ ቢገዛ የሚሠራው ከአቅሙ ከ9 በመቶ በታች ስለሚሆን ልኬቱ አስተማማኝ አይሆንም። እንዲሁም ፓምፑ ከመስመሩ በሚበልጥ ግፊት መግፋት አለበት። በካታሎጉ ላይ የተጻፈው ሊትር በየትኛው ግፊት እንደተለካ ያልጠየቀ ገዢ ግማሹን እውነት ብቻ ነው የሰማው።

ገዢው የሚዘነጋቸው ነገሮች

አንደኛ፣ የበርሜሎቹ ቁጥር። ካልሲየም ናይትሬት ሰልፌት ወይም ፎስፌት ካለባቸው ማዳበሪያዎች ጋር በአንድ በርሜል ውስጥ ከተበጠበጠ እንደ ጠመኔ ይረጋና ጠብታዎቹን ይደፍናል። ስለዚህ ሁለት በርሜል፣ ውኃውን ለማስተካከል አሲድ ካስፈለገም ሦስት በርሜል ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱም የራሱ መጣኝ ይኖረዋል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛ አሲድ መጠቀም እንግዳ ነገር አይደለም። ለእርሻ በእጅ የሚበተን አንዳንድ ድፍን ማዳበሪያም የማይሟሟ ዝቃጭ ስላለበት ለጠብታ መስኖ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ጎሚኒው። የፓምፑ ማሸጊያ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአሲድ ቫይተን፣ ለአልካሊ ኢፒዲኤም ይመረጣሉ። ናስ ወይም አሉሚኒየም አሲድ ያለበት መስመር ላይ ከገባ ብዙ አይቆይም።

ሦስተኛ፣ ማጣሪያውና የማይመልስ ቫልቩ። በውኃ የሚንቀሳቀስ ፓምፕ አሸዋ ከገባበት ፒስተኑ ይበላል፤ ስለዚህ ከፊቱ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ከማዳበሪያው መግቢያ በኋላ ደግሞ ለጠብታው ሌላ ማጣሪያ መኖር አለበት። የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ መብራት ሲጠፋ ማዳበሪያው ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ለመጠጥ ጭምር የሚያገለግለውን ውኃ ሊበክል ይችላል። ኤሌክትሪካዊው ፓምፕም ዋናው የውኃ ፓምፕ ሲቆም አብሮት እንዲቆም ተደርጎ መያያዝ ይኖርበታል።

ለአስመጪና ለደላላ

ጎሚኒና ቫልቭ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ አስመጪው ከፓምፑ ጋር የሁለት ዓመት የጥገና ዕቃ አብሮ ካላስመጣ ደንበኛው በምርት ወቅት ለጥቂት ጎሚኒ ሲል ሳምንታት ይጠብቃል። መለዋወጫው መጋዘን ያለው ነጋዴ ፓምፑን ትንሽ አስወድዶ ቢሸጥም ለገዢው ይረክሳል።

ደላላም ቢሆን ደንበኛውን ወደ ሱቅ ከመውሰዱ በፊት አምስት ነገሮችን በወረቀት ቢይዝ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል። እነዚህም በሰዓት የሚፈሰው ውኃ፣ የመስመሩ ግፊት፣ በሰዓት የሚጨመረው ፈሳሽ፣ የማዳበሪያው ወይም የአሲዱ ዓይነት እና የመብራቱ ሁኔታ ናቸው። ርክክብ ሲደረግ ደግሞ የፓምፑን መሳቢያ ቱቦ ልኬት ባለው ማሰሮ ውስጥ ነክሮ በሰዓት እየያዙ በደቂቃ ስንት እንደሚስብ ማየት ይቻላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ትክክለኛው መልስ 725 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከዚህ እጅግ ከራቀና ተስተካክሎም ካልመጣ ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መነጋገር ይበጃል።