ሦስት ሰርቨር ገዝቶ የአንዱን ማከማቻ መጠቀም

ሰርቨሮችን ከነዲስካቸው አቀናጅቶ ቨርቹዋል ማሽኖችን ማስኬድ፣ ለብቻው የሚቆም ውድ ማከማቻ መግዛትን ያስቀራል። ሒሳቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሴፍ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን መረጃ በ3 ቅጂ ያስቀምጣል። ስለዚህ 10 ቴራባይት ዲስክ ያላቸው 3 ሰርቨሮች ለሥራ የሚያውሉት ከ10 ቴራባይት አይበልጥም። በምላሹ፣ አንዱ ቢበላሽ የቀሪዎቹ ሜሞሪ የሚበቃ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል።

ሁለተኛው ወጪ የሶፍትዌር ፈቃድ ነው። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ከገዛ በኋላ፣ አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ ሽያጭ በዲሴምበር ቀርቶ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ተተክቷል። ፕሮክስሞክስን ያለ ፈቃድ ክፍያ መጠቀም ቢቻልም ባለሙያ ይጠይቃል።

ገዢ የሰርቨሩን ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የ5 ዓመቱን ክፍያ ቢደምር ከኪሳራ ይድናል።